ከላይ ሙቀጫ፣ ከታች እንቅልፍ

ጥያቄ

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ38 ዓመት ሴት ስሆን በጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ወንዶች ልጆቼና ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ቤት ውስጥ በስፌት መኪና ልብስ ስለምሰፋ አብዛኛውን ቀን ከቤት አልወጣም። እናቴ አባቴ ካረፈ በኋላ ባለፈው ዓመት ከፍኖተ ሰላም መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ጀምራለች። ዕድሜዋን በሙሉ የኖረችው ሰፊ ግቢ ባለው ቤት ሲሆን ቡናዋን ራሷ ቆልታ፣ ራሷ ወቅጣ፣ ጎረቤት ጠርታ ማጠጣት የለመደች ሴት ናት። ወደ እኛ ስትመጣም ከልብሷ ሌላ ይዛ የመጣችው ሙቀጫዋንና ዘነዘናዋን ብቻ ነበር። በየማለዳው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሳሎን ውስጥ በረንዳው በር አጠገብ ቁጭ ብላ ትወቅጣለች።

ከእኛ ሥር የምትኖረው ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ ሁላችንም «ሲስተር» እንላታለን። ትንሹ ልጄ በታመመ ጊዜ በእኩለ ሌሊት መጥታ ትኩሳቱን የለካችልኝ እርሷ ናት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ደረጃ ላይ ስንገናኝ አንገቷን ደፍታ ታልፈኛለች። ሁለት ጊዜ ደግሞ ከሥር ጣሪያዋን በእንጨት ስትመታ ሰምተናል። አንዱ እናቴ ስትወቅጥ ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ምን እናደርግ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ምክንያቱን የነገረኝ የሕንፃው ጥበቃ ነው። ሲስተር ሌሊቱን ሥራ ላይ አድራ ጠዋት ለመተኛት ስትሞክር የላይኞቹ ድምፅ እንቅልፍ እንደነሳት፣ ቤቱን ለቅቃ ለመሄድም እንደምታስብ ለእርሱ ነግራዋለች። ለእኔ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ይህን በሰማሁ ጊዜ በጣም አፈርሁ። ያን ዕለት ማታ ለእናቴ ሳልነግራት ዘነዘናውን ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቅሁት፤ በማግሥቱም የተፈጨ ቡና ከሱቅ ገዝቼ ሰጠኋት። እናቴ ምንም አላለችም፤ ቡናውን ግን አላፈላችም። ይኸው ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ትናንት ማታ ብቻ «የራሴን ዕቃ የማላዝበት ቤት ከሆነ ወደ አገሬ መልሱኝ» አለችኝ። ባለቤቴ በበኩሉ «በገዛ ቤታችን ቡና ለመውቀጥ የማንን ፈቃድ እንጠይቃለን? ደግሞስ በቀን የሚተኛ ማን ነው?» ይላል። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መሮጣቸው፣ ሌሊት ውኃ ሲመጣ በርሜልና ጀሪካን መጎተታችን ትዝ ሲለኝ ግን ጥፋቱ የሙቀጫው ብቻ እንዳልሆነ እጠረጥራለሁ። እናቴን ማሳዘን አልፈልግም፤ ጎረቤቴንም ማጣት አልፈልግም። ምን ላድርግ?

ስሜ እንዳይገለጽ፣ ከጀሞ

መልስ

ውድ ጠያቂዬ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት፤ በእያንዳንዱ ንባብ ዓይኔን የያዘው ከድምፁ ይልቅ ዝምታው ነው። ሲስተር የተቸገረችበትን ነገር ለእርስዎ መንገር ከብዷት ለጥበቃው ነገረች። እርስዎ ለእናትዎ መንገር ከብዶዎት ዘነዘናውን ደበቁ። እናትዎም ለምን እንደተደበቀባቸው መጠየቅ ከብዷቸው ቡናቸውን ተዉ። ሦስታችሁም እርስ በርስ የምትከባበሩ ሰዎች ናችሁ፤ ዝም ያሰኛችሁም ይኸው አክብሮት፣ እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር ይመስለኛል። ስለዚህ በእናትዎና በጎረቤትዎ መካከል አንዷን ለመምረጥ እንደተገደዱ አድርገው ራስዎን ባያስጨንቁ እመኛለሁ። እስካሁን ሁለቱም ስለ ጉዳዩ ከእርስዎ ጋር በግልጽ አልተነጋገሩም፤ ስለዚህም ሁለቱም ምን ያህል መለሳለስ እንደሚችሉ እርስዎ ገና አላወቁም።

ከሁሉ በፊት ዘነዘናውን ዛሬ ማታ ለእናትዎ እንዲመልሱላቸው እለምንዎታለሁ። መደበቅዎ ከእፍረትና ከድንጋጤ የመጣ መሆኑን እረዳለሁ፤ ክፉ አስበው እንዳላደረጉትም እናትዎ ያውቃሉ ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ባላቸውን ቀብረው፣ ግቢያቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ትተው ወደ ሰው ፎቅ የመጡ እናት ከቀድሞ ሕይወታቸው በእጃቸው የቀረው ያ ሙቀጫ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው የሚቆጥሩት ቀናቸው የሚጀምረው ከእርሱ ነው። ሲመልሱላቸው ሰበብ አይፈልጉ። «እማዬ፣ ሳልነግርሽ መደበቄ ጥፋት ነው፤ ከሥራችን ያለችው ሲስተር ሌሊት በሽተኛ ስትጠብቅ አድራ ቀን እንደምትተኛና ድምፃችን እንዳስቸገራት ሰምቼ ደንግጬ ነው» ቢሏቸው ይበቃል። ይህን ብለው ዝም ይበሉና ያዳምጧቸው። የልጅ ልጃቸው በታመመ ሌሊት ትኩሳቱ የተለካለት ቤት ውስጥ ያሉ አያት፣ የለካችው ሴት እንቅልፍ ማጣቷን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እኔ አስቀድሜ ልናገርላቸው አልፈልግም፤ ዕድሉን ግን ይስጧቸው።

እናትዎ ምናልባት «ምን ያህል ድምፅ ሆኖ ነው?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ፍኖተ ሰላም እያሉ ሙቀጫው የሚቀመጠው አፈር ላይ ነበርና የዘነዘናውን ምት አፈሩ ይውጠው ነበር። የኮንዶሚኒየም ወለል ግን በአብዛኛው በብረት በተጠናከሩ የኮንክሪት ተሸካሚዎች (ቢሞች) መካከል ክፍት ብሎኬት ተደርድሮ፣ በላዩ ስስ ኮንክሪት ፈስሶበት የተሠራ ነው፤ ከዚያ ላይ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ይለበጣል እንጂ ምት የሚያበርድ ለስላሳ ነገር በመካከሉ የለም። ሰው ሲነጋገር ድምፁ በአየር ተጉዞ ግድግዳና ወለል ላይ ሲደርስ ይዳከማል። የሙቀጫ ምት ግን ወለሉን ራሱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ለታችኛው ቤት ያ ወለል ጣሪያ ነውና ጣሪያው እንደ ከበሮ ቆዳ ሆኖ ያስተጋባል። ላይ ሆኖ የሚወቅጥ ሰው ድምፁ ከታች ምን ያህል እንደሚሰማ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ «እኛ ቤት ያን ያህል አይሰማም» የሚለው ሚዛን ለጎረቤት አይሠራም፤ ይህንንም ለባለቤትዎ ቢነግሯቸው መልካም ነው።

የባለቤትዎን ነገር ካነሣን፣ የተናገሩት ነገር ክፋት የለበትም። ቤትን በስንት ድካም ያገኘ ሰው በቤቱ ውስጥ ነጻ መሆን ይፈልጋል። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1225 ላይ ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዝዛል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረትንም በስም ይጠቅሳል። በአገራችን የድምፅ ደረጃም ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ገደብ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት 55 ዴሲቤል፣ ከዚያ በኋላ ባለው ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ይህን የምጽፍልዎ ነገሩ ወደ ክስ እንዲሄድ ፈልጌ አይደለም፤ እንዲያውም ሲስተር ወደ ሕግም ሆነ ወደ ሕንፃው ማኅበር ሳትሄድ ወራት መታገሧን ባለቤትዎ እንዲያስተውሉ ስለምፈልግ ነው። «በቀን የሚተኛ ማን ነው?» ላሉትም፣ ሌሊት ሆስፒታል በር ስናንኳኳ የሚከፍቱልን ሰዎች ናቸው። የሌሊት ተረኛ ቀን ሲተኛ ሰውነቱ ከብርሃኑና ከራሱ ተፈጥሯዊ ሰዓት ጋር ስለሚታገል እንቅልፉ አጭርና ስስ ይሆናል፤ በሌሊት ቢሆን የማያስነቃን ድምፅ እርሱን ያስነሣዋል። አንድ ጊዜ ከነቃ በኋላም ቀጣዩን ምት ሲጠብቅ ዓይኑ ሳይከደን ሰዓቱ ያልቃል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የእናትዎን ሙቀጫ፣ የልጆችዎን ሩጫ፣ የበርሜሉን ጉተታ ዘርዝረው ሲጽፉ የስፌት መኪናዎን ግን በደብዳቤዎ መግቢያ ላይ በአንድ ቃል አልፈውታል። መኪናው በየትኛው ክፍል ነው ያለው? እግሮቹ በቀጥታ ወለሉን ይነካሉ? በቀን ስንት ሰዓት ይሠራሉ? እናትዎ የሚወቅጡት ቢበዛ ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ ነው፤ የስፌት መኪና ንዝረት ግን ሲስተር ከተኛችበት ሰዓት ጀምሮ እስክትነሣ ሊቀጥል ይችላል። ጥበቃው የነገረዎት «የላይኞቹ ድምፅ» ብሎ እንጂ «የሙቀጫው ድምፅ» ብሎ አይደለም፤ ጣሪያው በተመታ በሁለተኛው ጊዜ ምን ታደርጉ እንደነበር እንደማያስታውሱም ጽፈዋል። ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት ለማለት አይደለም። የትኛው ድምፅ እንዳስቸገራት ከእርሷ ከራሷ ሳንሰማ እናትዎ የሁሉንም ዕዳ እንዳይሸከሙ ስለምሠጋ ነው።

ስለዚህ ከሲስተር ጋር መነጋገር ግድ ነው፤ ሰዓቱን ግን ይምረጡለት። ከሥራ ስትመለስ ደረጃ ላይ አያስቁሟት፤ ጠዋትም በሯን አያንኳኩ። ዕረፍት በምትሆንበት ቀን ወደ ማታ፣ ወይም ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ተረጋግታ ባለችበት ሰዓት ብቻዎን ይውረዱ። ጥበቃውን መልእክተኛ አያድርጉ፤ ምን እንደነገረዎትም አያንሡ፤ ምሥጢሬን አወጣብኝ ብላ ከእርሱም ጋር እንዳትቀያየም። «ሲስተር፣ የእኛ ቤት ድምፅ ቀን እንቅልፍ እየነሣሽ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ካሰብሁ ሰነባበትሁ፤ እስካሁን ሳልጠይቅሽ በመቆየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። የትኛው ድምፅ ነው የሚብስብሽ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትተኚው?» ማለት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሳያቋርጡ ይስሙ። ወራት የታመቀ ነገር ነውና መጀመሪያ ላይ ድምጿ ሊጠነክር ይችላል፤ ያን ጊዜ «እኛም እኮ» ብለው ማስረዳት ቢጀምሩ በሩ ተመልሶ ይዘጋል። አልጋዋ የት እንዳለም ይጠይቋት። የቤቶቹ ፕላን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት በመሆኑ የእርስዎ ሳሎን ሥር የእርሷም ሳሎን እንደሚሆን ይገመታል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ሳሎኑን በኮምፔንሳቶ ወይም በመጋረጃ ከፍሎ መኝታ ስለሚያደርገው፣ የእናትዎ ሙቀጫ በትክክል ከራስጌዋ በላይ ሊሆን ይችላል። የተራዋን ሰሌዳ በየሳምንቱ በስልክ መልእክት ብትልክልዎ ደግሞ የትኞቹ ጠዋቶች መጠንቀቅ እንደሚያስፈልጋቸው ያውቃሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ በእግር ጣት መራመድ አይኖርባችሁም።

ሰዓቱንና ቦታውን ካወቁ የቀረው ከባድ አይደለም። ሙቀጫው ወለሉን በቀጥታ እንዳይነካ ማድረግ ትልቁ ሥራ ነው። ከጎሚስታ በጥቂት ብር የሚገኝ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ከሥር፣ በላዩ የበግ አጎዛ ወይም ተጣጥፎ የተደረበ ወፍራም ብርድ ልብስ ቢደረግ ምቱ ወለሉ ላይ ሳይደርስ ይበርዳል። አጎዛው ለእናትዎም የሚያውቁት ነገር ስለሆነ እንደ ባዕድ ዕቃ አያዩትም። ቦታውንም ከበረንዳው በር አጠገብ ወደ ግድግዳና ምሰሶ ጥግ ቢያስጠጉት ወለሉ እዚያ ላይ ብዙም አይረግብም፤ ነገር ግን ጥጉ ከሲስተር አልጋ በላይ አለመሆኑን ያረጋግጡ። በሕንፃችሁ አካባቢ ያለው፣ ኮሚናል የምንለው የጋራ መገልገያ ቤት ክፍት ከሆነ፣ እንደ በርበሬ ያለ ረጅም ወቀጣ ሲኖር እዚያ መውቀጥ ይሻላል፤ ቤቱ ሲሠራም የታሰበው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ለዕለት ቡና ግን እናትዎን ደረጃ ማስወረድና ማስወጣት ተገቢ አይመስለኝም። ሲስተር አድራ በምትገባባቸው ጠዋቶች ብቻ፣ እናትዎ ራሳቸው የቆሉትን ቡና በትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ በእጅ ይዞ መፍጨት ይቻላል፤ ከአንድ ደቂቃ በታች ይወስዳል፤ ወለሉንም አይነካም። ይህን ሐሳብ ግን ከእናትዎ ከራሳቸው ቢመጣ እመርጣለሁ፤ ከእርስዎ ከመጣም እንደ ጥያቄ ይሁን። ከሱቅ የተፈጨ ቡና ማምጣትዎ ያስከፋቸው፣ የመቁላቱን ሽታና የእጃቸውን ሥራ አንድ ላይ ስለወሰደባቸው ይመስለኛል።

ለስፌት መኪናዎም እንዲሁ ከእግሮቹ ሥር የጎማ ቁራጭ ያድርጉ፤ ከግድግዳውም ጥቂት ያርቁት። ረጅሙን ስፌት ሲስተር ሥራ ላይ ወደምትሆንበት ወይም ወደምትነቃበት ሰዓት፣ ልኬቱን፣ ቆረጣውንና የእጅ ሥራውን ወደ ጠዋት ማዞር ይችሉ እንደሆነ ያስቡበት፤ ደንበኞችዎ የሚመጡበት ሰዓት ይህን የማይፈቅድ ከሆነም ለእርሷ በግልጽ ይንገሯት።

ስለ ውኃው ብዙ ማለት እፈልጋለሁ፤ በፈረቃ ውኃ የሚያገኝ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ሁሉ የሚያውቀው ችግር ነውና። ውኃው በሌሊት ስምንት ሰዓት ሲመጣ ማንም ቤት ዝም ብሎ አይተኛም፤ ይህን ሲስተርም ታውቃለች። ነገር ግን ባዶ በርሜል ሴራሚክ ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ጩኸት እስከ መሬት ቤት ይወርዳል፤ ከፍታ ላይ ካለ ጎማ ባዶ ጀሪካን ውስጥ የሚወርድ ውኃም እንዲሁ። ማታ ከመተኛትዎ በፊት በርሜሉንም ጀሪካኖቹንም በሚሞሉበት ቦታ አሰናድተው ያስቀምጡ፤ የውኃውን ጎማ ጫፍ እስከ ዕቃው ሥር ድረስ ያስገቡት፤ ያን ጊዜ ውኃው ሳይንቧቧ ከሥር ወደ ላይ ይሞላል። የሞላውን ጀሪካን ማንቀሳቀስ እስኪነጋ ሊቆይ ይችላል። ይህን ለሲስተር ብቻ ብለው አያደርጉትም፤ ሕንፃው ውስጥ ያሉ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ሁሉ ይተኙበታል።

ልጆችዎን በተመለከተ፣ ልጅ ሳይሮጥ አያድግምና የማይቻል ነገር እንዲያዝዟቸው አልመክርም። ኳሱ ከቤት እንዲወጣና ግቢው ውስጥ ብቻ እንዲነካ፣ ቤት ሲገቡ ጫማ እንዲያወልቁ፣ ከአልጋ ላይ መዝለል እንዲቀር ማድረግ ይበቃል፤ ለወንበሮቹ እግርም ወፍራም ጨርቅ ወይም የላስቲክ ቆብ ያልብሱ። ምክንያቱን ንገሯቸው። ትንሹ ልጅዎ በታመመ ሌሊት ማን እንደመጣችለት ያስታውሳል።

ይህን ሁሉ አድርገውም ሲስተር ሙሉ በሙሉ ላትረካ ትችላለች። አምስት ሰው የሚኖርበት ቤት ፈጽሞ ድምፅ አልባ ሊሆን አይችልም፤ የእግር ኮቴ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የድስት ክዳን መውደቅ የኑሮ ድምፆች ናቸውና ለእነርሱ ጥፋተኝነት ሊሰማዎ አይገባም። ክርስትና፣ ማኅበር ወይም የበዓል እንግዳ ሲኖርዎ ሁለት ቀን አስቀድመው ይንገሯት፤ የሚጠበቅ ድምፅ እንደ ድንገተኛው አያስቆጣም፤ ተረኛ ከሆነችም ሌላ ቦታ ለመተኛት ጊዜ ታገኛለች። እርሷም በበኩሏ መስኮቷን በወፍራም መጋረጃ መሸፈን፣ ጆሮ መድፈኛ መጠቀም፣ ቢቻላት አልጋዋን ወደ ሌላኛው ክፍል ማዞር ትችል ይሆናል። ይህን ግን እርስዎ የድርሻዎን ከሠሩና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «አሁንስ እንዴት ነው?» ብለው ከጠየቋት ወዲያ እንጂ በመጀመሪያው ቀን አያንሡባት። ድርድሩ ካልተሳካ የሕንፃው የቤት ባለቤቶች ማኅበር አለ፤ ለሁሉም ቤት የሚሠራ የጸጥታ ሰዓት እንዲወሰን በስብሰባ ማንሣት ይቻላል። ወደዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ግን ትስማማላችሁ ብዬ አስባለሁ።

የመጨረሻው ሐሳቤ እናትዎን የሚመለከት ነው። ከሲስተር ጋር ከተነጋገራችሁና ልቧ ትንሽ ከተመለሰ በኋላ፣ ዕረፍት በምትሆንበት ቀን ቡና እንድትጠጣ ይጥሯት፤ ቡናውንም እናትዎ ያፍሉላት። ለመውቀጥ ጊዜው ሲደርስ ግን ሲስተር ፈቃደኛ ከሆነች እናትዎ ከእርሷ ጋር ወደ ቤቷ ይውረዱና እርስዎ ከላይ ይውቀጡ፤ መጀመሪያ እንደ ወትሮው በወለሉ ላይ፣ ቀጥሎ ሙቀጫውን ጎማውና አጎዛው ላይ አስቀምጠው። እርሳቸው አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብለው ሁለቱንም ይስሙ። እንዲፈተኑ እየወሰዷቸው እንዳይመስላቸው፣ «እማዬ፣ የሙቀጫን ነገር ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለምና የትኛው እንደሚሻል አንቺ ንገሪን» ብለው ይላኳቸው። ሲመለሱ ሙቀጫው የት እንደሚቀመጥ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚወቀጥ የሚወስኑት እርሳቸው ይሁኑ፤ ከዚያ ሦስታችሁም በረካውን አብራችሁ ጠጡ።